የመላጥያው ሐሙስ

ስሚኝማ ውዴ፣ ስልክሽን ገልበጥ አድርጊና ቁጭ በይ። በቮይስ ኖት ብልክልሽ በእጥፍ ፍጥነት እያስሮጥሽ «እሺ፣ ሌባው ማነው?» እንደምትይኝ ስለማውቅ ነው የጻፍኩልሽ። ሌባውን ቶሎ አልነግርሽም። ፊቤም ቶሎ አላወቀችውም።

ነገሩ የጀመረው ጆበርግ፣ ሜይፌር ሰፈር፣ ጋሽ ፀጋዬ ቤት ነው። ጋሽ ፀጋዬ ማለት ጀፕ የሚባለው የሐበሻ ገበያ ላይ ብርድ ልብስ በጅምላ የሚሸጡት፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደግሞ ሽማግሌ የሆኑት፣ ሲጸልዩ ድምፃቸው እስከ ታክሲ ተራ የሚሰማው ሰውዬ ናቸው። ለሃያ አምስተኛ ዓመት ጋብቻቸው ሚስታቸውን አንቲ በለጥሽንና ልጃቸውን ዝማሬን ይዘው ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ በመርከብ አንድ ሳምንት ዞሩ። ቅዳሜ ጠዋት ሲመለሱ ቤቱ ሰላም ነው። በር አልተገነጠለም፣ መስታወት አልተሰበረም፣ ቴሌቪዥኑ ቦታው ላይ ነው፣ ውሻው እንዲያውም ወፍሯል። ከቁም ሣጥናቸው ውስጥ ግን አንዲት የብረት ሳጥን የለችም።

ከጣቢያ የተላከችው ሳጅን ፊቤ ዱካሞ ነበረች። እዚሁ ጆበርግ ነው የተወለደችው። አባቷ ጻካኔ ሰፈር ሱቅ ስለነበራቸው አማርኛዋ የባንኮኒ አማርኛ ነው፤ ዙሉዋ ይሻላል። ሐበሻ ተሰረቀ፣ ሐበሻ ሰረቀ፣ ሐበሻ ከሐበሻ ተጣላ ሲባል ካፒቴኑ «ፊቤ፣ ያንቺ ሰዎች» ይላታል፤ በቃ ትሄዳለች።

«ምን ነበረበት ጋሼ?» አለች ደብተሯን አውጥታ።

«ወርቅ።»

«ምን ዓይነት ወርቅ?»

«ወርቅ ነዋ። የባለቤቴ። ሀብል፣ ምናምን።»

ፊቤ ወደ አንቲ በለጥሽ ዞረች። ሴትየዋ ገና ያልተከፈተ ሻንጣ ላይ ተቀምጠው የጫማቸውን ማሰሪያ ያያሉ። «ሀብሉ ምን ይመስል ነበር አንቲ?»

«እሷን ተያት፣ ደንግጣለች» አሉ ጋሽ ፀጋዬ። «ደግሞ ምን ያደክምሻል፣ የዱካሞ ልጅ። ሰውየው ተይዟል እኮ።»

እውነትም ተይዟል። ምሕረቱ ይባላል። ጻካኔ ባለው የጋሽ ፀጋዬ ስፓዛ፣ የሰፈር ሱቅ፣ ቆሞ የሚሸጠው እሱ ነው። እነሱ ሲሄዱ በየሁለት ቀኑ እየመጣ ውሻውን እንዲያበላ ቁልፍና የግቢውን በር ሪሞት ሰጥተውታል። ሪሞቱ ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱ ከጋሽ ፀጋዬ ጋር መርከብ ላይ ነበር፣ አንዱ ከምሕረቱ ጋር። የአላርሙ መዝገብ ደግሞ ሐሙስ ዕለት፣ እኩለ ቀን ሊሆን አሥራ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው፣ አላርሙ በትክክለኛው ኮድ ጠፍቶ ከዘጠኝ ደቂቃ በኋላ እንደገና መብራቱን ያሳያል። ኮዱ የዝማሬ ልደት ነው፤ ግማሹ ሜይፌር ኬኩን በልቷል።

ፊቤ ቀጥታ ወደ ጣቢያ ተመለሰች።

ምሕረቱ እስር ክፍሉ ውስጥ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። መቀመጥ አልፈለገም።

«ሰኞ ጠዋት ፕሪቶሪያ ቀጠሮ አለኝ» አላት ስሙን እንኳን ሳትጠይቀው። «የስደተኛ ወረቀቴ ሰኞ ነው የሚያልቀው።»

«ሰኞ ጠዋት ፍርድ ቤት ነህ።»

«እሱን ነው የምልሽ። ፍርድ ቤት ከቆምኩ ፕሪቶሪያ አልደርስም። ካልደረስኩ ወረቀት የለኝም። ወረቀት ከሌለኝ ደግሞ ዳኛው ቢለቀኝም በር ላይ የኢሚግሬሽን መኪና ይጠብቀኛል። ሰባት ዓመት ነው እዚህ የኖርኩት እህቴ፤ በሁለት ቀን መሄዴ ነው።»

ይሄን ያዢልኝ ውዴ። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው፤ ፊቤ ያላት እስከ ሰኞ ጠዋት ነው።

«ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ የት ነበርክ?»

«ሱቅ።»

«ቀኑን ሙሉ?»

«ቀኑን ሙሉ።»

ፊቤ እዚያው ፊቱ ቆማ ጻካኔ ላለች የአባቷ የድሮ ደንበኛ ደወለች። ስፒከር ላይ አደረገችው። ሰላምታው በዙሉ ሁለት ደቂቃ ፈጀ፤ ስለ ጉልበት ሕመምም ተወራ። ከዚያ ሴትየዋ «ኤይሽ፣ ሐሙስ? ማይ ፍሬንድ ሐሙስ ዘግቶ ነበር። ዳቦ አጥተን ማዶ ሄድን» አለች፤ ሰፈሩ ሐበሻ ባለሱቅን የሚጠራው «ማይ ፍሬንድ» ብሎ ነው።

ምሕረቱ ዓይኑን ጨፈነ።

«አሁን ውሸታም ሆነሃል» አለችው ፊቤ። «ውሸታም የሆነ ሰው ሪሞትም ቁልፍም ይዟል። እስኪ አንተ እኔን ብትሆን ምን ታደርጋለህ?»

«ብራክፓን ነበርኩ። የሚከራይ ሱቅ ላይ። ለራሴ።» ድምፁ ወረደ። «ጋሼ ከሰሙ በዚያው ቀን ነው የሚያባርሩኝ። እባክሽ አትንገሪያቸው።»

አየሽ? ሊታሰር ነው፣ እሱ ግን አሠሪውን ማስቀየም ይፈራል። ፊቤ እንዲህ ያለ ሞኝነት ከአባቷ ታውቀዋለች። ግን ሞኝነት ማስረጃ አይሆንም። ለሱቁ አከራይ ብትደውልለት፣ ብትደውልለት አያነሳም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሜይፌር ተመለሰች። ከጋሽ ፀጋዬ ቤት ፊት ለፊት ሰአዳ ሱቅ አላት፤ የድሬዳዋ ልጅ ናት፣ መንገዱ ላይ የሚያልፈው ሁሉ በእሷ ዓይን ሥር ነው የሚያልፈው።

«ጠዋት ልጁን ለያዙት ፖሊሶች ነግሬያቸው ነበር እኮ» አለች ሰአዳ። «ሐበሻ ናት ስላቸው ‹ኢትዮጵያዊ› ብለው ጻፉና ሄዱ።»

«ናት? ሴት?»

«ሁለት ሴት፣ ነጭ መኪና። የምትነዳዋ መነጽር አድርጋለች። ሌላዋ ሻሽ ተከናንባ ጎንበስ ብላለች።»

«በሩን በምን ከፈቱት?»

«አቦ እኔ ምን አውቃለሁ። መስኮቷን ዝቅ አደረገች፣ በሩ ላይ ያለውን ደወል ተጫነች፣ ጠበቀች። ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ እኔ ቤቱ ባዶ ነው ልላት ስነሳ ተከፈተላት።»

ፊቤ ቀና ብላ በሩን አየችው። ባዶ ቤት ደወል ሰምቶ በር ከፈተ።

መንገዱን ተሻግራ ያንኑ ደወል ራሷ ተጫነችው። ሳሎን ውስጥ የጋሽ ፀጋዬ ስልክ ጮኸ፤ በመስኮት ይሰማል። «አንቺ ነሽ እንዴ? ልክፈት?» አሉ ጋሽ ፀጋዬ በመስኮት።

«አያንሱት ጋሼ። ይጩህ።»

ጮኸ፣ ጮኸ፣ ዝም አለ። ከዚያ ከኩሽና በኩል ሌላ ስልክ ጮኸ። የአንቲ በለጥሽ ነው። እሱ ግን ሦስት ጊዜ ብቻ ጮኾ ተዘጋ፤ ሴትየዋ ዘግተውት ነበር።

እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ደወሉ መጀመሪያ የጋሽ ፀጋዬን ስልክ ይጠራል፣ ካልተነሳ ወደ ሚስታቸው ያልፋል። ያነሳው ሰው ዘጠኝ ቁጥርን ሲጫን በሩ ይከፈታል። ያነሳው ሰው ሜይፌር ይሁን ባሕር ማዶ በሩ ግድ የለውም።

ዝማሬን በረንዳ ላይ አገኘቻት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ አማርኛና እንግሊዝኛ እያፈራረቀች ታወራለች፣ ጥፍሯን ትበላለች።

«ሐሙስ የት ነበራችሁ?»

«ማልታ። ዳዲ መላጥያ ነው የሚላት፣ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ እንዳለው። ጳውሎስ መርከቡ ተሰብሮ የወጣባት ደሴት። ለእሷ ብሎ ነው እኮ ክሩዙን የመረጠው፤ ሌላው ሁሉ ለሱ ውኃ ነው።»

«ቀኑን እንዴት ዋላችሁ?»

«ከአስጎብኚ ጋር። ቀይ ጃንጥላ ይዞ ከፊት ይሄዳል፣ እኛ እንደ ዳክዬ እንከተላለን። ምሽግ፣ ቤተ መንግሥት፣ ደረጃ፣ ደረጃ፣ ደረጃ። በየቦታው ይቆጥረናል። የማሚ ጫማ ደረጃው ላይ ሶሉ ተላቀቀ፣ በላስቲክ አስረንላት ዋለች።»

«አልተለያያችሁም?»

«ዳዲ አልተለያየንም ብሏል አይደል?» አለች ዝማሬ።

ውዴ፣ ይሄ መልስ ነው እንዴ? ፊቤም እንደዚያው አሰበች። ግን አልጨቀጨቀቻትም። «ፎቶ አሳዪኝ» አለቻት።

ዝማሬ ፎቶ ብቻ አላሳየቻትም፤ የጸሎት ግሩፑንም አሳየቻት። ከመሄዳቸው በፊት ጋሽ ፀጋዬ የጉዞውን ፕሮግራም በሙሉ የጸሎት ርዕስ አድርገው ለአርባ ስድስት ሰው ልከውት ነበር። ቃሉ እንዲህ ይላል፤ «ሰኞና ማክሰኞ ባሕር ላይ ነን፣ ስለ ማዕበሉ ጸልዩ። ስልካችን ሳምንቱን ሙሉ ዝግ ነው፤ የምንከፍተው ለመላጥያ ቀን፣ ሐሙስ ብቻ ነው። የዚያን ዕለት ቀኑን ሙሉ ከአስጎብኚ ጋር ነን፤ እኩለ ቀን ሊሆን ሩብ ሰዓት ሲቀረው ከባሕሩ ዳር በቀጥታ ቃል አካፍላለሁ። ሜይፌር ስላለው ባዶ ቤታችንም ጸልዩ።»

«ባዶ ቤታችን» አለች ፊቤ። ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። «አርባ ስድስት ሰው።»

«ዳዲ ነው» አለች ዝማሬ። «ሁሉንም ነገር ያስጸልያል።»

ጋሽ ፀጋዬ ከውስጥ ሰምተው ወጡ። «አየሽ፣ ምሕረቱም ግሩፑ ውስጥ አለ።»

«አለ ጋሼ። ሌሎችም አርባ አምስት አሉ።»

ፊቤ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ አሰበችው። ቤቱ ሰባት ቀን ባዶ ነበር። እሷ ራሷ ሌባ ብትሆን ሰኞ ነው የምትገባው፤ አላርሙ ቢጮህ እንኳን ደውሎ የሚያገኛቸው የለም። ይሄ ሌባ ግን ከሰባቱ ቀን ስልካቸው የተከፈተበትን አንድ ቀን መረጠ። ከቀኑም ጋሽ ፀጋዬ በቀጥታ የሚያስተላልፉበትን ሰዓት። ማስተላለፉ እንዳይቋረጥ ጥሪ ሁሉ ተዘግቷል፤ ዝማሬ ስልኩን ይዛ ትቀርጻለች። ስለዚህ ደወሉ አንደኛውን ስልክ አልፎ ሁለተኛው ላይ ያርፋል። ያንን ቪዲዮ ደግማ አየችው። ጋሽ ፀጋዬ ባሕሩን ጀርባ አድርገው ስለ ማዕበል ይሰብካሉ። አንቲ በለጥሽ የሉበትም። ግን አለመታየት ወንጀል አይደለም፤ ከካሜራው ጎን ቆመው ሊሆን ይችላል። አሁን ብትጠይቃቸው ጋሽ ፀጋዬ ይመልሱላቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ አፋቸው አይከፈትም። ባል ያልሰማውን ነገር ባል በሌለበት መስማት አለባት።

እሑድ ጠዋት ፊቤ ዩኒፎርሟን አውልቃ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ከሄደች ቆይታለች። በር ላይ አሥር ሰው «እንዴት ነው፣ አላገባሽም?» አላት፤ ሁለቱ ወንድማቸውን ጠቆሟት። መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ከመዝሙር በኋላ የምስክርነት ሰዓት ሆነ። ከጉዞ የተመለሰ ሰው ማይክ ይዞ ካላመሰገነ እኛ ጋ ጉዞው አላለቀም። ጋሽ ፀጋዬ ተነሱ። ስለ መርከቡ ትልቅነት፣ ስለ መላጥያ፣ ስለ አስጎብኚው ጃንጥላ ተናገሩ። «ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ደቂቃ ሳንለያይ ጌታ ጠበቀን» አሉ። አሜን ተባለ። «ቤታችን ስንመለስ ግን ጠላት...» ብለው ስለ ሳጥኑ ጀመሩ፣ ስለ ምሕረቱ ስሙን ሳይጠሩ ተናገሩ። ሰው ሁሉ ስሙን አወቀው።

ማይኩን ሊመልሱ ሲሉ አንቲ በለጥሽ ተነስተው እጃቸውን ዘረጉ።

ውዴ፣ ባልሽን ትዋሺያለሽ። ፖሊስ ትዋሺያለሽ። እነዚህ ሴቶች ግን ለምስክርነት ማይክ ከያዙ አይዋሹም፤ ምላሳቸው እምቢ ይላል። እናቴን አውቃታለሁ፣ እናትሽን ታውቂያታለሽ።

«እኔ ደግሞ ማመስገን የምፈልገው» አሉ አንቲ በለጥሽ፣ «መላጥያ ላይ ስለጠፋሁባት ሰዓት ነው።»

ጋሽ ፀጋዬ ዞረው አዩአቸው።

«እነ ፀጋዬ ቃል ሲያካፍሉ እኔ ጫማዬን ላስር ብዬ ቀረሁ። አንድ የድንጋይ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። የማላውቀው አገር፣ የማላውቀው ቋንቋ። ጃንጥላው ሄደ፣ አየሁት ሲሄድ፣ አልተነሳሁም። ስልኬን በእጄ ይዤ አለቀስኩ። ‹ጌታ ሆይ፣ እዚህ ደሴት ላይ ጳውሎስን እጁ ላይ ከተጣበቀችው እባብ ያዳንክ፣ ለእኔም የምፈራውን ማራገፊያ ድፍረት ስጠኝ› አልኩት። ሰጠኝ።» እዚህ ላይ ድምፃቸው ተሰበረ። «አሁን የቀረኝ ግማሹ ነው። ስለ እሱ ጸልዩልኝ።»

ሰዉ ሃሌ ሉያ አለ። ፊቤ ግን ሃሌ ሉያ አላለችም፤ ተነስታ ወጣች።

ከአዳራሹ ጀርባ የሕፃናት መማሪያ ክፍል አለ። ከጉልበት የማይበልጡ ትንንሽ ወንበሮች ናቸው ያሉት። አንቲ በለጥሽ አንዱ ላይ ተቀምጠው ጠበቋት፤ እንደምትመጣ ያወቁ ይመስላሉ።

«ስልክዎን ልይ አንቲ?»

ሰጧት። ሐሙስ፣ እኩለ ቀን ሊሆን አሥራ አራት ደቂቃ ሲቀረው፣ ከሜይፌሩ በር የተደረገ ጥሪ። ተነስቷል። ሃያ ሰከንድ።

«ማልታ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ሜይፌር በር ከፈቱ» አለች ፊቤ። «ለማን?»

«ለኤርጎጌ። ጀፕ ፀጉር ቤት ያላት። ጓደኛዬ ናት፣ ከልጅነት።»

«ቁልፉስ?»

«የጓሮውን ቁልፍ ከመሄዴ በፊት ሰጥቻት ነበር። የሳጥኑንም ቦታ ነገርኳት። የግቢው በር ብቻ ነበር የቸገረኝ፤ ሪሞቱን ሰውዬው ከኪሱ አይለየውም።»

«ወርቁን ለምን ከራስዎ ይሰርቃሉ?»

አንቲ በለጥሽ ቀና ብለው አዩአት። «ወርቅ አልነበረበትም ልጄ። ያለኝ ወርቅ ይሄ ነው» አሉና የጋብቻ ቀለበታቸውን አሳዩአት። «ሳጥኑ ውስጥ የነበረው የፍሬገነት ፓስፖርት ነው።»

ፍሬገነት የጋሽ ፀጋዬ የእህት ልጅ ናት። ከዱራሜ ያመጧት ዓመት ተኩል ይሆናታል። ገና ከአውሮፕላን ስትወርድ «እንዳይጠፋብሽ» ብለው ፓስፖርቷን ወሰዱ። ከዚያ ሩስተንበርግ ላለ፣ በዕድሜ አባቷ ለሚሆን የንግድ ወዳጃቸው ሊድሯት አሰቡ። እምቢ አለች። ከጀፕ ሱቃቸው ጀርባ ባለች ክፍል አስቀመጧትና «ልብሽ ሲመለስ ፓስፖርትሽም ይመለሳል» አሏት።

«መኪናው ውስጥ ሻሽ የተከናነበችው እሷ ናት» አለች ፊቤ።

«ራሷ ገብታ ወሰደችው። የራሷን ነገር።»

«ታዲያ ምሕረቱ ትናንት ካቴና ሲገባለት ለምን ዝም አሉ?»

ከአዳራሹ መዝሙር ይሰማል።

«ሰውዬው እስካሁን ከሱቁ ጀርባ ያለች ይመስለዋል፤ ከተናገርኩ በዚያው ሰዓት ተነስቶ ይፈልጋታል። በየከተማው ሱቅ ያለው ዘመድ አለው፤ አንድ ስልክ ነው የሚበቃው። ትንሽ ራቅ እስክትል ብዬ ነው። አንድ ቀን ብቻ ብዬ። የሰው ልጅ እስር ቤት አስቀምጬ አንድ ቀን ብቻ አልኩ።» እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣበቁ። «ዛሬ ማይኩን ስይዝ ሙሉውን ልናገር ነበር። አቃተኝ።»

በሩ ተከፈተ። ጋሽ ፀጋዬ ናቸው፤ ሰምተዋል፣ ምን ያህሉን እንደሰሙ ግን አይታወቅም።

«ምንድነው የምታወሩት?»

ፊቤ ተነሳች። «ጋሼ፣ ወርቁ ስንት ግራም ነበር?»

«ምን?»

«ትናንት የሰጡኝ ቃል ላይ ክፍት ቦታ አለ። ግራሙ፣ ዓይነቱ፣ ደረሰኙ። ፈርመውበታል። የሌለ ወርቅ ተሰረቀብኝ ብለው ሰው ካሳሰሩ፣ ነገ ፍርድ ቤት የሚቆመው ምሕረቱ ብቻ አይሆንም። የሌላ ሰው ፓስፖርት ቆልፎ ስለማስቀመጥም ሌላ ዶኬት፣ ሌላ የክስ መዝገብ፣ መክፈት እችላለሁ።»

ጋሽ ፀጋዬ ትንሿ ወንበር ላይ ሊቀመጡ ሞከሩ፣ አልቻሉም፣ ቆሙ። «ለደህንነቷ ብዬ ነው እኮ። የእህቴ ልጅ ናት። አደራ ናት።»

«ወርቅ ነበረ?»

«አልነበረም።»

ፊቤ እዚያው ካፒቴኑ ጋ ደወለች። ካፒቴኑ እሑድ ሥጋ እየጠበሰ ነበር፣ አልተደሰተም። ባልና ሚስቱ ቃላቸውን ይስጡ አለ፤ ግን ፓስፖርቱ ባለቤቷ እጅ መግባቱን ልጅቷ ወይም አብራት የሄደችው ሴት በጽሑፍ ማረጋገጥ አለባት። እሱ ዶኬቱ ውስጥ ከገባ ምሕረቱ ዛሬውኑ ይወጣል፤ ካልገባ ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ነው።

«ለኤርጎጌ ይጻፉላት አንቲ።»

አንቲ በለጥሽ መጻፍ ጀመሩ። ጋሽ ፀጋዬ ከትከሻቸው በላይ ጎንበስ አሉ። «የት እንዳለችም ጠይቂያት» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፣ ግን ያው የጋሽ ፀጋዬ ድምፅ ነው። «ለእናቷ ምን ልበላት? ጠይቂያት በለጥሽ፤ ኋላ አንቺ ትነግሪኛለሽ።»

አንቲ በለጥሽ ፊቤን አዩ። ከዚያ ሁለቱንም ጥያቄ፣ የፓስፖርቱንም ልጅቷ ያለችበትንም፣ ጻፉና ላኩ።

ሦስቱም ስልኩን እያዩ ቆሙ። ሁለቱ ምልክቶች ሰማያዊ ሆኑ። ኤርጎጌ እየጻፈች ነው፣ አቆመች፣ እንደገና እየጻፈች ነው። መልሱ ሲመጣ ፊቤ ስልኩን ተቀበለች፣ ጮክ ብላ አነበበችው፣ ከዚያ ትንሹ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብላ ዶኬቱ ውስጥ ቃል በቃል ገለበጠችው፦

«ፍሬ ደህና ናት፣ ፓስፖርቷ በራሷ ቦርሳ ውስጥ ነው፣ ምሕረቱን ፍቱት። የት እንዳለች ግን ለአንቺም አልነግርሽም በልዬ፤ ባልሽ ሲጠይቅሽ መዋሸት እንዳይኖርብሽ።»